የሰፊው ሕዝብ እጅ

ታሪክ ባለውለታዎቿን አትረሳም፤ ትንሽ ታዘገይ ይሆናል እንጂ። እነሆ የአብዮቱ መሪዎች የጓዳ ሕይወት ፎቶግራፎች በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በታላቅ ድምቀት ለሕዝብ ዕይታ ሲበቁ፣ ያነሳቸው ጡረተኛም እንደማንኛውም ዜጋ ተሰልፎ እንዲገባ በአክብሮት ተፈቀደለት።

ሚስቱን ይዞ ነው የመጣው። አንድ ጠዋት ከሊቀመንበሩ ጋር ተቃቅፈው ሳለ የግቢው ዘበኛ ፎቶ እንዳነሳቸው ከተጋቡ ጀምሮ ይነግራታል፤ እሷም ከተጋቡ ጀምሮ አላመነችውም።

«ዛሬ በዐይንሽ ታዪዋለሽ» አላት፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

በመጀመሪያው ፎቶ ሊቀመንበሩ ሶፋ ላይ ተጋድመው፣ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ከሥሩ «ጓድ ሊቀመንበር ስለ ጭቁኖች በጥልቀት ሲያስቡ» ይላል።

«አንተም እንዲህ ስታስብ ነው ጎረቤት የማይተኛው» አለች ሚስትየው።

ቀጥሎ ሊቀመንበሩ በፒጃማ ብቻቸውን ቆመው ይስቃሉ። ትከሻቸው ላይ ግን ባለቤት የሌለው እጅ ተቀምጧል።

«ይኸው!»

«የታለህ?»

«እጁ። እጁ የኔ ነው።»

«ሌላውስ አካልህ?»

«ፋቅሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ከመስመር የወጡ ጓዶችን ከፎቶ ላይ በምላጭ መፋቅ የእሱ ሥራ ነበር፤ እሱ የፋቀውን ወላጅ እናቱ እንኳ ፈልጋ አታገኘውም። ታዲያ አንድ ቀን ሊቀመንበሩን ዐይናቸውን እንደጨፈኑ አነሳቸውና «አብዮቱን አስተኛ» ተብሎ ተገመገመ። ራሱን በራሱ እንዲፍቅ ታዘዘ። ሌላው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሱ ግን ፍቆ ሲጨርስ ሥራው ማማሩን አይቶ ኮራ። እጁን የተወው የሊቀመንበሩን ትከሻ ምላጭ እንዳይነካው ፈርቶ ነው።

አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡራትና ክቡራን! ይህ የምታዩት የሰፊው ሕዝብ እጅ ነው። ሕዝቡ ከመሪው ጎን ለአፍታም እንዳልተለየ ያረጋግጣል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጡረተኛውም አጨበጨበ፤ ልማድ ሆኖበት።

«ምን ያስጨበጭብሃል አንተ? እጅህን ወሰዱት እኮ!» አለች ሚስቱ።

ያኔ ደሙ ፈላ። መዳፉን ፎቶው ላይ ካለው እጅ አጠገብ ለጠፈው። ትንሿ ጣቱ ወደ ውጭ የተጣመመች ናት፤ የፎቶውም እንደዚያው። ሚስትየው አንዴ ይህችን፣ አንዴ ያችን አየች።

«ውይ! እውነትህን ኖሯል» አለች ቀስ ብላ። እሱም ዕንባው መጣ።

ጥበቃው ከበሩ እየሮጠ ደረሰ። «አባባ! እጅዎን ከሕዝቡ ላይ ያንሱ!»

ጡረተኛው ወዲያው አነሳ። በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመኑ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለማንም ሲሰጥ ሰምቶ አያውቅም ነበር።