ቤቱ ጠበበን

ተከራይ ማስወጣት እንደየአገሩ ነው። አዲስ አበባ አከራዩ ኪራይ ይጨምርና ተከራዩ በገዛ እግሩ ይወጣል። ደሴ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ቀጠሮ ቀጠሮን እየወለደ ክረምትና በጋ ይፈራረቃል። ደጎሎ ደግሞ ሽማግሌ ይገባበታል፤ ሽማግሌ ከገባ የሚያልቀው ምሳው እንጂ ነገሩ አይደለም። ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ አትሉኝም? መካነ ሰላም ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኛ! በቤት ልቀቅ ክስ እኔን የሚያህል ሊቅ በወሎ ቦረና ምድር አለ ብትሉኝ አልሰማችሁም።

ሊቁ ታዲያ የሚኖረው በኪራይ ነው፤ እትዬ ከድጃ ቤት። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት የእህል ጓዳ ነው፤ አንዱን ክፍል እሳቸውና ባላቸው፣ ደህናውን እኔ ይዘነዋል። አንድ ቀን ጠርተው፣ ልጃቸው ሰዓዳ ለመውለድ ከባሏ አገር ልትመጣ መሆኑን ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። ሰንብተው ደግሞ ቤቱ ጠበበን አሉኝ። ዋናው የልብ ስፋት ነው ብዬ አጽናናኋቸው። ከመስጊዱ ጀርባ ጥሩ ክፍል ተለቋል አሉ ቢሉኝ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ማን ይገባል ብዬ ሳቅሁ። ሳቅሁ ስላችሁ!

በመጨረሻ፣ ለመሆኑ ተከራይ ለማስወጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል ብለው ጠየቁኝ። ሙያዬን ነኩብኛ! የአዲስ አበባውን፣ የደሴውን፣ የደጎሎውን አንድ በአንድ ተነተንኩላቸው። ማነው ይህ ይሉኝታ የሌለው ተከራይ፣ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ፣ ማመልከቻውን በነጻ እጽፍልዎታለሁ አልኩ። እትዬ ከድጃ መሬት መሬት እያዩ፣ ተወው ልጄ፣ ነውር ነው፣ እሱም የሰው ልጅ ነው አሉኝ። ደግነታቸው ገረመኝ።

ሰዓዳ በሰላም ተገላገለች። እኔም ቅቤ ገዝቼ፣ አራሷ የት ናት እያልኩ ገባሁ። እትዬ ከድጃ እያፈሩ ወደ እህል ማስቀመጫው ጓዳ መሩኝ። ከገብስ ጆንያው ጎን ፍራሽ ተነጥፏል፤ አቧራው ሕፃኑን ያስነጥሰዋል። ሰዓዳ ቀና ብላ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ በልጁ ለቅሶ እንቅልፍ ነሳንዎት አለችኝ።

ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያንን ማመልከቻ ልጻፍ ብዬ የተሟገትኩት በራሴ ላይ ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል፤ በእኔ ግን ተረቱም አፈረ።

በማግስቱ ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን ክፍል ተከራይቼ ፍራሼን ጠቀለልኩ። ግን ምን ብዬ ልውጣ? ገባኝ ብላቸው በተራቸው እሳቸው በኀፍረት ማለቃቸው ነው። ስለዚህ ዋሸሁ፤ ዘመድ ሊመጣብኝ ነው፣ ቤቱ ጠበበኝ አልኳቸው።

እትዬ ከድጃ ደረታቸውን ደቁ። ወይ ጉድ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በሆድህ ይዘኸው ከረምክ? ምነው ልጄ፣ ሰው የልቡን በግልጽ ይናገራል እንጂ አሉኝ።