የአስካለ አጥርና የሩሲያ ሜዳ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ነገር ምስር መልቀም ነበር፤ እሱ ግን ጠጠሩን ትቶ ስለ ታላላቅ መንግሥታት ያስረዳኝ ነበር። ካርታ ሳያይ በጎረቤቱ ላይ እንኳ የማይፈርድ ሰው አላጋጠማችሁም? እኔ አግብቼው ኖሬአለሁ።

ያን ሰሞን፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ የምትኖረው አስካለ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳን የምንተክልበትን የጋራ ቦታ በቆርቆሮ አጥራ ወስዳው ነበር።

«አስካለ እኮ ክፉ አይደለችም» አለኝ። «መስኮቷ ሥር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይተራመሳል። ሩሲያም እንደዚያው ናት። በምዕራብ በኩል ሜዳ ነው፤ የሚከልላት ተራራ የለም። ስለዚህ የጎረቤቷን አገር አጥሯ ልታደርገው ትፈልጋለች።»

«ጎረቤቷስ ማንን አጥር ያድርግ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ይሄ የታላላቅ መንግሥታት ቲዎሪ የሚያስረዳው የትልቁን ፍርሃት ነው» ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ አረፈ። ድንኳኑ መንገድ ላይ ተተከለ፤ ባጃጅ በመጣ ቁጥር ለቀስተኛው፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ እግሩን ይሰበስብ ነበር። አስካለ ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች። አጥሯን ግን አላነሳችም። መፍራቷን አውቃለሁ፤ ባለቤቴ በደንብ አስረድቶኛል።

አሁን ስለ ታላላቅ መንግሥታት ዜና ስሰማ፣ አጥሩ የገባው ማን ግቢ እንደሆነ እጠይቃለሁ።