የጌታችን ጎፈር የተባለው ፏፏቴ

ተረት ልንገራችሁ። ሰው የሌለበት ተረት ስለሆነ ማንም እንዳይቀየም።

ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ ሰምቷል የሚባል ፏፏቴ ነበረ። ስሙን ያወጡለት የጥንት አውሬዎች ናቸው። ውሃው ከገደል ሲወርድ ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን፣ ከፊቱ ቆሞ የሚናገረውን እንስሳ ጎረቤቱ እንኳ አይሰማውም። ስለዚህ መሐላ ያለበት ሁሉ እዚያ ይወርድና ቃሉን ለውሃው ይሰጣል። ሌላው ባይሰማም ውሃው ሰምቷል ይባላል። በሰምቷል ምሎ ቃሉን ያጠፈ፣ ውሃ ሲጠጣ ይታነቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ታንቆ የሞተ አልታየም፤ ልሞክረው ያለም አልነበረም።

ከማሉት አንዱ አያ ጅቦ ነው። በአንድ ክፉ ክረምት አህዮች ከጎርፍ ጎትተው ቢያወጡት «ከእንግዲህ የአህያ ሥጋ እርሜ ነው» ብሎ በሰምቷል ማለ። ከዚያ ወዲህ አህያ ሲያይ ምራቁን እየዋጠ መንገድ ይለቃል። ውርንጭሎች ሳይቀሩ «እንደምን አደርክ፣ አያ ጅቦ» እያሉ በአጠገቡ ይፈነጫሉ። እሱም «እግዜር ይመስገን» ይላል፤ ሌላ ምን ይበል።

በዚያ ዘመን የጫካው ንጉሥ አንበሳ ጎፈሩ ይረግፍበት ጀመር። ጎፈሩ በረገፈ ቁጥር ማማሩን የሚናገር ሹም በዛ። አንድ ቀን ጉባኤ ላይ እመት አህያ ከኋላ፣ አቧራው ከሚበዛበት ቦታ ድምጿን አሰማች።

«ጌታችን ሆይ፣ ይህ ፏፏቴ ከገደሉ ላይ ሲንዠረገግ ቁርጥ የእርስዎን ጎፈር ነው የሚመስለው። ሰምቷል ማለት ምን ማለት ነው? የባላገር ስም ነው። የጌታችን ጎፈር ይባልልን።»

ጉባኤው በደስታ ተናወጠ። ኮቴ ያለው ኮቴውን መታ፣ ክንፍ ያለው ክንፉን አርገፈገፈ። ጦጣ ብቻ «ስሙ እኮ ሥራ አለው» ልትል አፏን ከፈተችና የአንበሳን ዓይን ስታይ ወደ ማዛጋት ለወጠችው። የድሮውን ስም የጠራ ምላሱ እንዲቆረጥ ታወጀ። በበጋ ውሃው ሲቀንስ «ሳሳ» ማለትም ተከለከለ። እመት አህያ ከእንግዲህ ከፊት እንድትቆም ተፈቀደላት፤ አንገቷ ላይም የክብር ቃጭል ታሰረላት።

በማግስቱ ከውርንጭላዋ ጋር ስትግጥ አያ ጅቦ መጣ። መንገድ አልለቀቀም።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እመት አህያ። መቼም ቃጭልሽ ከሩቅ ይሰማል፤ እሱን ተከትዬ ነው የመጣሁት። ልጅሽን ልወስድ ነው።»

«ምነው አያ ጅቦ፣ መሐላህስ?»

«በማን ነበር የማልኩት?»

ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

«አየሽ፣ እኔም ልጠራው አልችልም፤ ሕግ አክባሪ ነኝ» አላት ጅቡ። «ስም የሌለው ነገር ደግሞ አያስርም።»

እመት አህያ ውርንጭላዋን እያስከተለች ሮጣ አንበሳ እግር ሥር ወደቀች። ጉባኤው ተሰበሰበ። ጅቡም ከንፈሩን እየላሰ ገባ።

«በምን እንደማለ ተናገሪና እፈርድልሻለሁ» አላት አንበሳ።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ውርንጭላው በእግሮቿ መካከል ተወሽቋል። ወደ ሹማምንቱ ብታይ፣ ስሙን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው የገዛ ኮቴያቸውን ይመረምራሉ። ስለ ምላሷ አሰበች። ስለ ቃጭሏም አሰበች፤ ይህን ሳወራ ያናድደኛል፣ ግን አሰበች።

«በጌታችን ጎፈር ነው የማለው» አለች።

አንበሳ ደስ አለው። ጅቡ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ በማልኩ ጊዜ እርስዎ ገና ጡት ያልጣሉ ደቦል ነበሩ። ባልበቀለ ጎፈር እንዴት ይማላል?»

ከኋላ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አንበሳም ስለ ጎፈሩ ብዙ እንዲወራ ስላልፈለገ «መሐላ የለም» ብሎ ፈረደ።

ጅቡ ውርንጭላውን በማጅራቱ ያዘ። ያን ጊዜ እመት አህያ ምላሷንም ቃጭሏንም ረሳች። «በሰምቷል ነው! በሰምቷል ነው የማለው!» ብላ ጫካው እስኪንቀጠቀጥ አናፋች።

አንበሳ ወደ ጉባኤው ዞረ። «የሰማችሁት ነገር አለ?»

«ምንም የለም፣ ጌታችን» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

ጅቡ ውርንጭላውን ለአፍታ መሬት አስቀምጦ በእግሩ ረገጠና ወደ እናትየዋ ቀና አለ።

«እኔስ ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ፣ እመት አህያ» አላት። «ግን ተከሳሽ ለከሳሹ ሲመሰክር የት አገር አይተሻል?»