ለጨጓራ የሚሸጥ ቤት

እኛ አገር ሰው መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ማግባትዎን የሚያስረዳ ወረቀት አለ፤ ካላገቡም አለማግባትዎን የሚያስረዳ አለ። ቤት የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ዕዳም እገዳም እንደሌለበት የሚመሰክር ይጨመርበታል። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ አልማረርም። ስለ ትዳሬ እንደ መንግሥት ቢሮ የሚጨነቅ ዘመድ የለኝም።

የአዳማው ጎረቤቴ ጋሽ ከማል የአርሲ ነገሌን ስንዴ እያመጡ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። አምና ታመሙ። ሐኪሙ ሚስታቸውን እትዬ ዘይነባን ለብቻቸው ጠርቶ ካንሰር መሆኑን ነገራቸውና፣ ሕንድ ሄደው ቢታከሙ «ምናልባት» አለ። እንደ ደንባችን ለበሽተኛው አልተነገረም። ጨጓራ ነው ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ በዚህ ተስማማ፤ ጠያቂው ገብቶ ስለ ጨጓራ ሲያወራ ይቆያል፣ ሲወጣ በር ላይ ያለቅሳል።

የሕንድ መሄጃው ገንዘብ ደግሞ ቤቱ ካልተሸጠ አይገኝም። እትዬ ዘይነባ ካርታውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የግብር ክሊራንሱን እየተመላለሱ አሟሉ። ገዢም ተገኘ። የጎደለው የባልየው ፊርማ ብቻ ነበር። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ለጨጓራ ብሎ ቤቱን የሚሸጥ ባል የት ይገኛል?

ጋሽ ከማል መነሳት ስላልቻሉ ውል የሚያረጋግጠው ሹም እቤት ድረስ መጣ። ማንም እንዳይጫናቸው ብሎ ሚስትን አስወጣ። እኔ ምስክር ነኝና ቀረሁ።

«ኦቦ ከማል፣ ይህ ቤት እንዲሸጥ ፈቃደኛ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

እኔ የረዳሁ መስሎኝ ጠጋ አልኩና፣ ጨጓራም እኮ ቸል ካሉት ክፉ ነው አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጨጓራ ለመጠየቅ ከሁሩታ ድረስ ዘመድ ተጭኖ ይመጣል? ምናልባት ለሚሉት ነገር ብዬ እሷን ሜዳ ላይ አልጥላትም።» ትንሽ አረፍ አሉ። «ማወቄን ግን እንዳትነግራት። ደብቄዋለሁ ብላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።»

ሹሙ «ፈቃደኛ አይደሉም» ብሎ ጻፈ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። ቅጹ ላይ ለምክንያቱ የተተወ ቦታ አልነበረም።

ጋሽ ከማል ስንዴው ሳይታጨድ ተቀበሩ። እትዬ ዘይነባ ዛሬ የሞት ምስክር ወረቀትም የወራሽነት ማስረጃም አላቸው፤ ቤቱን ለመሸጥ የሚጎድላቸው የለም። አይሸጡትም። በረንዳው ላይ ይቀመጡና ባለፍኩ ቁጥር ይጠሩኛል።

«ሰውዬው እኮ ቤቱን ከነፍሱ አስበለጠ» ይሉኛል። «አንተም ነበርክ፣ አልሸጥም ሲል ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ» እላለሁ። ሕጋዊ ምስክር ነኝና ከፈረምኩበት ሌላ አልጨምርም።