ክቡር ልጠይቀው እና የግራ በኩል መላጣ

በሠርጋቸው ቀን «እሷን ለማግባት ፈቃደኛ ነህ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ቆይ፣ ልጠይቀው» ብለው ላፕቶፓቸውን ከፈቱ ይባላል። እኔ አላምንም። ላፕቶፑ መቼ ተዘግቶ ያውቅና ነው የሚከፈተው?

መቼም ሳይጠይቅ የማያስነጥስ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አንዱ ሚስቱን ይጠይቃል፣ አንዱ እናቱን፣ አንዱ ጋዜጣ ላይ ያለ ኮከቡን። የእኛ የጀልባ ፋብሪካ መሐንዲስ ኮምፒውተር ይጠይቃሉ። ክቡር ልጠይቀው የተባሉትም ለዚህ ነው። በዕድሜ ሦስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ አንቱ የምላቸው ላፕቶፑን አክብሬ ነው።

ጀልባ የምንሠራው እንዲህ ነው። አንጋፋው ጨርቅ ቆራጫችን ጋሼ በመቀሳቸው የቆረጡትን የፋይበር ጨርቅ የጀልባ ቅርጽ ባለው ፎርማ ውስጥ ደራርበን እናነጥፋለን፤ በላስቲክ እናሽገዋለን። ከዚያ ፓምፑ በቱቦ አየሩን ሲመጥ፣ እንደ ማር የወፈረው ሬዚን የሚሉት ፈሳሽ ሙጫ እየተሳበ ገብቶ ጨርቁን ያርሰዋል። ያለችን አርባ ደቂቃ ናት፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው። ሬዚኑ ያልደረሰበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ እኛ «መላጣ» እንለዋለን። መላጣ የወጣበት ጀልባ ውሃ ሳያይ ወደ ቆሻሻ ነው።

ክቡርነታቸው ታዲያ አንድ ጠብታ ሳይፈስ፣ ሬዚኑን በኮምፒውተራቸው አስቀድመው ያፈሱታል። ሰማያዊው ጀልባ ላይ ቀዩ ሬዚን ሲጓዝ እንደ ኳስ ተመልካች ከወንበራቸው ብድግ እያሉ «ሂድ! ሂድ! በግራ ግባ! ደረሰ!» ይላሉ። ያንኑ ጨዋታ ለመቶኛ ጊዜ እያዩት እኮ ነው!

ሻይ እንኳ እንደ ሰው አይጠጡም። ስኳር ሳይማሰል በስንት ደቂቃ እንደሚሟሟ አስልተው፣ ብርጭቋቸውን ይዘው በየጠዋቱ የጋሼ መቁረጫ ጠረጴዛ አጠገብ ይገተራሉ። ሲጠጡት በረዶ ሆኗል። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው፣ ዝናቡ አናታቸውን እየወቀጠው፣ «ዛሬ ይዘንባል?» ብለው ሲጠይቁት በዓይኔ አይቻለሁ። «ሠላሳ በመቶ» አላቸው። ተማምነው ወጡ።

ባለቤታቸው ምጥ የያዛት ቀንማ «ቆይ፣ በየት መንገድ እንደሚሻል ልጠይቀው» ቢሏት፣ «እኔን ብትጠይቀኝ ምን አለበት?» ብላ ታክሲውን ራሷ ጠራች። አሁንም ድረስ፣ «ባለትዳር ነው ያገባሁት፤ ጣውንቴ ባትሪ ነው የምትበላው» ትላለች።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነው ነገሩ የመረረው። ሁለት ጀልባ በተከታታይ በግራ ጠርዙ በኩል መላጣ ወጣበት። የፋብሪካው ባለቤት ሰብስበውን፣ «ሦስተኛ መላጣ ማየት አልፈልግም!» ሲሉ ሁላችንም ወደ ጫማችን አቀረቀርን። ሰውየው አናታቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ቀጥለው ያሉት ግን ሳቃችንን ከአፋችን ነጠቀው።

«ጋሼ፣ ይሄኛውም ከተበላሸ መቀሱን ያስረክባሉ።»

ጋሼ መቀስ ከያዙ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ግራ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእሳቸው በቀር።

«ዓይኔ ጤነኛ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። «ጨርቁ ነው የሚሸሸው።»

ሦስተኛው ጀልባ የሚሞላ ዕለት ክቡር ልጠይቀው በማለዳ መጡና አንዲት ትርፍ የአየር መሳቢያ ቱቦ እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ይህችን እዚህ ትከላት» አሉኝ፤ ከግራው ጠርዝ አንድ ክንድ ገባ ብሎ።

«ሥዕሉ ላይ የለችም እኮ።»

«አትጠይቀኝ።»

እሳቸው! አትጠይቀኝ! ፀሐይ በየት በኩል እንደወጣች ለማየት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሬዚኑ ተለቀቀ። ላፕቶፑ ላይ ቀዩ እንደ ሰልፈኛ ወታደር እኩል ይራመዳል። ፎርማው ውስጥ ያለው ግን ግራው ጠርዝ ጋ ሲደርስ ጨርቁ በአንድ ጣት አጥሮ ክፍተት አገኘ፤ አቋራጭ እንዳገኘ ተማሪ በዚያው ሸመጠጠ። ዞሮ መጣና ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ቱቦዋ የተተከለችበት ላይ አየሩን ከበበው። ትሪ የሚያህል ነጭ ቦታ ቁልጭ አለ።

«መላጣ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ባለቤቱ እጃቸውን ወደ አናታቸው ሰደዱ። ጋሼ መቀሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሊያስረክቡ ይሁን ሊሰናበቱት እንጃ፣ በመዳፋቸው አቀፉት።

ይኼኔ ትርፏ ቱቦ ጉርርር አለች። የታፈነውን አየር መመጥ ጀመረች። ትሪው ሳህን አከለ። ሳህኑ ሳንቲም አከለ። ሳንቲሟም ጥፍት!

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ባለቤቱ በስሜት የፓምፑን ኦፕሬተር ሳሙት። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው፣ «አላልኩም? መቀስ እኮ የለመደውን እጅ አይከዳም!» እያሉ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

ክቡርነታቸውን ፈለግኳቸው። ለላፕቶፑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቀዝቃዛ ሻያቸውን ይዘው፣ ጋሼን እያዩ እስከ ጆሮ ግንዳቸው ይስቃሉ። ያን ሁሉ ጠዋት የስኳር መሟሟት እየጠበቁ ምን ሲያዩ እንደኖሩ ያኔ ገባኝ። አንቱታዬም ከላፕቶፑ ተነሥታ ወደ ሰውየው ተሻገረች። ያም ሆኖ ሳልተነኩሳቸው ማለፍ አልቻልኩም።

«ክቡርነትዎ፣ ኮምፒውተርዎ ይባረክ! የጋሼን ግራ ዓይን ሳይቀር ያውቃል ለካ!»

«እሱ ምን ያውቃል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጨርቁ ሁልጊዜ ልክ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ዝም በል፣ ጋሼ እንዳይሰሙ።»

«እሺ፣ ስለ ቱቦዋ ሲጠይቁት ግን ምን አለ?»

ሻያቸውን ፉት አሉ።

«አልጠየቅኩትም።»