ጋሼ ቅጥያና አሥራ አንዱ ደቂቃ

ያልተበላሸ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ታድሏል። ታውቁታላችሁ። የቢሮው በር ደህና አድርጎ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እሱ ግን ማጠፊያው ላይ ቁራጭ ጎማ ቢጨመር ድምፅ አያሰማም ይላል። ጎማው ይጨመራል፣ በሩ መዘጋት ያቆማል፣ ቀጥሎ መሳቢያ ገመድ ይታሰርለታል። ገመዱ የጣለው ሰው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። ለእኛ ቢሮ የደረሱን ክቡር ጋሼ ቅጥያ ነበሩ።

እውነተኛ ስማቸው በደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ይኖር ነበር። ቅጥያ የተባሉት በሥራቸው ነው። እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጭ ኮድ ስንጽፍ እንውላለን። ያንን ቁርጥራጭ ሰብስቦ፣ ፈትሾ፣ ገጣጥሞ ለደንበኛ የሚሰጥ አንድ ነገር የሚያደርገው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ቢልድ እንለዋለን። ቢልዱ ካለፈ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፣ ከወደቀ እንቀመጣለን። ይህ ፕሮግራም ሲፈጠር ያልተማረውን ሥራ እንዲሠራ ከተፈለገ በጎኑ ቅጥያ ይጻፍለታል። ጤነኛ ቢሮ ሦስት አራት ቅጥያ ይበቃዋል። ጋሼ ስልሳ አራት ጽፈውልናል።

"አንዲት ነገር ብቻ ልቀጥልበት" ይሉ ነበር። ይህን ቃል የሰማ ሰው ምሳውን ቀደም ብሎ ቢበላ ይሻለው ነበር፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ቢልዱ እንደማያልፍ የታወቀ ነው።

ለምሳሌ የፋይል ስም የሚቆጣጠር ቅጥያ ነበራቸው። ሰው ሲቸኩል ፋይሉን "ጊዜያዊ" ብሎ ይሰይምና ይረሳዋል። አንድ ጠዋት ቢልዱ ወደቀብኝና ስክሪኔ ላይ ይህ ወጣ፦ "ወንድሜ፣ 'ጊዜያዊ' ያልከው ፋይል ዛሬ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሞላው። ጥርስ አብቅሎ ጨርሷል። ስም ይውጣለት።" ከአጠገቤ የምትቀመጠው፣ ኮዳችን መሥራቱን የምትፈትነው የፍተሻ ባለሙያ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። እሷንም ግን ሰንብቶ ደረሳት፦ "እህቴ፣ ፈተናውን ራስሽ አውጥተሽ፣ ራስሽ ተፈትነሽ፣ ራስሽ አርመሽዋል። መቶ ከመቶ ማግኘትሽ አይደንቅም።"

አለቃችንም አልተረፈም። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የሩቅ እንግዶች ሰብስቦ ሥራችን እንዴት እንደሚፈጥን በትልቁ ስክሪን ሊያሳይ ተነሣ። ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ትንሽ አሰበና እንዲህ አለ፦ "አለቃዬ፣ አርብ ከሰዓት የተላከ ሥራ ቅዳሜን ይበላል። ልጆችዎ ይጠብቁዎታል።" እንግዶቹ ሳቁ፣ አለቃዬ ግን ፊቱ በርበሬ መስሎ ወደ ጋሼ ጠረጴዛ መጣ።

"ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?"

"ቅጥያ ነው።"

"ማን ጠየቀዎት?"

"ማንም። ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የጻፍኩት።"

ጠረጴዛቸውን ብታዩት ሰውዬውን ታውቁት ነበር። የስልካቸው ገመድ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ሦስት ቦታ በፕላስተር ተቀጥሏል። የወንበራቸው አንድ እግር በታጠፈ ካርቶን ረዝሟል። መነጽራቸው በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ ማሰሪያው አጥሮ ደግሞ በሌላ ማሰሪያ ተቀጥሏል። አዲስ እንግዛልዎት ስንላቸው "ይሄ ምን ሆነና?" ይሉን ነበር። የማይሠራውን አይጥሉም፣ የሚሠራውን አይተዉም፤ ክቡርነታቸው እንዲህ ነበሩ።

እኔ ከማንም በላይ የተማረርኩባቸው ግን እናቴ በታመመችበት ዓመት ነው። እናቴ ከእኔ ርቃ እህቴ ቤት ነበረች። ስትደውል ዘወትር ሥራ ላይ ታገኘኛለች። "እማዬ፣ አሁን አልመቸኝም፣ በኋላ እደውላለሁ" እላታለሁ። በኋላ ሲደርስ ወይ እኔ ደክሞኛል፣ ወይ እሷ ተኝታለች። ያኔ ክፉ የሠራሁ አልመሰለኝም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነኝ ብዬ ነው ራሴን የማውቀው።

በዚህ ላይ ቢልዱ አመል አወጣ። በየቀኑ፣ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የእኔ ብቻ ቀጥ ብሎ ይቆማል። "መስመር ተጨናንቋል። አሥራ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ" ይላል። ብጫነው አይሰማ፣ ባጠፋው አይድን። ወደ ጋሼ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ የኔ ቢልድ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቆማል።"

"መስመር ነው" አሉ ቀና ሳይሉ።

"መስመር ሰዓት ያውቃል እንዴ?"

"የኛ ያውቃል።"

እየተራገምኩ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሥራ ለመጀመር ያንሳል፣ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ይበዛል። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ስልኬን አውጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። እህቴ ጨው እንደምትደብቅባት፣ የነርሷ እጅ በረዶ እንደሆነ፣ በመስኮት የምታየው ዛፍ ላይ የሠፈረችው ወፍ ጎጆዋን ሁለቴ አፍርሳ እንደሠራች ነገረችኝ። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ጠፍቼባት አልጋ ሥር ተኝቼ እንዳገኘችኝም ነገረችኝ፤ ይህን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። እናቴን በቅጡ ያወራኋት በእነዚያ ወራት ነው።

ቀብሬያት ስመለስ ጋሼ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አድርገው "እግዜር ያጥናህ" አሉኝ። ቢልዱም ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሞ አያውቅም። በወሩ ሪፖርት ላይ "የመስመር ችግሩ ተቀርፏል" ብዬ ጻፍኩ። ብልጥ ነኝ ባይ እኔ ይህን ያህል ነበርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰኞ ቢልዱ የሁላችንም ቆመ። ስንመረምረው ሦስት ቅጥያዎች አንዱ ሌላውን እየጠበቁ ተፋጠዋል። ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ሦስቱንም በአራት ወር ውስጥ የጻፉት ጋሼ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ቀልድ እንኳ ቃል በቃል አንድ ነው። ቢሮው በሳቅ ተናጋ፤ አንዱ "ጋሼ ቅጥያ በቅጥያ ላይ ቀጠሉ" አለ።

እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"ሦስቴ፣ ጋሼ" አልኳቸው እየሳቅኩ።

ያቺን ሳቅ ብችል ዛሬ ከአየር ላይ ለቅሜ ወደ አፌ እመልሳታለሁ። እሳቸው አልሳቁም። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ምልክቱ በዛ። ድሮ ወደምንሠራበት ፎቅ ወርደው የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እናገኛቸው ጀመር። ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙ ያለውን ለእኛ አልነገሩንም፤ በጤና ምክንያት ጡረታ እንደጠየቁ ብቻ ሰማን። በስንብታቸው ቀን አለቃችን ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ጋሼ ተነሡና "አንዲት ነገር ብቻ ልቀጥልበት" አሉ። ቆሙ። እኛም አየናቸው። የሚቀጥሉት ነገር ጠፋቸው። ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ፣ እሳቸውም ተቀመጡ።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ቢልድ ገዛ። "የድሮዎቹን ቅጥያዎች በሙሉ እያየህ አጥፋ" ተብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። እያንዳንዷን ከፍቼ አያለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ አጠፋለሁ። ሠላሳ አንደኛዋ ላይ ስደርስ ስሟ "በኋላ" ይላል። ሥራ አቁማለች፣ ግን አልተሰረዘችም። በውስጧ የተጠቀሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእኔ የመግቢያ ስም። ከላይ በጋሼ አጻጻፍ ማስታወሻ አለ፦

"የዚህ ልጅ እናት ታማለች። ስትደውልለት 'በኋላ እደውላለሁ' ይላታል። በኋላ የሚባል ሰዓት በዚህ ቢሮ የለም፤ ስለዚህ ሠራሁለት። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራውን ያዝበት። አሥር ደቂቃ ለወሬ፣ አንድ ደቂቃ ለመሰናበቻ።"

ከሥሩ፣ እናቴን በቀበርኩ ማግስት የተጻፈ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ "ከእንግዲህ አያስፈልገውም። ነፍሷን ይማር።"

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ። የፍተሻ ባለሙያዋ ዞር ብላ "ወደቀብህ እንዴ?" አለችኝ። ቅጥያዋን ከነማስታወሻዋ በወረቀት አተምኩና ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ፤ ሳይረፍድ ላመሰግናቸው።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። "ግባ ልጄ" አሉኝ። "ዛሬ ደህና ነው። ላያውቅህ ይችላል ግን፣ እንዳይከፋህ።"

ገብቼ ቀና ስል ግድግዳው ሁሉ ወረቀት ነው። ምድጃው ላይ "ወንድሜ፣ አጥፍተኸዋል? እርግጠኛ ነህ? ተመለስና እይ" ይላል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ "የምትፈልገው ይሄ ነው።" የውጭው በር ላይ "ብቻህን አትውጣ። ባለፈው የሆነውን አላስታውስህም፣ ታፍራለህ።" ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእትዬ ፎቶግራፍ ሥር ደግሞ፦ "ይህች ሚስትህ ናት። አርባ ዓመት ታግሣሃለች። ስሟን አትጠይቃት።"

"ሐኪሙ የነገረው ዕለት ነው መጻፍ የጀመረው" አሉ እትዬ። "እስኪጨርስ እህል አልቀመሰም። ቤቴን ቢሮ አደረገው እኮ።" ሊስቁ ፈልገው ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። "ማን ልበል?" አሉኝ።

"የቢሮ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ቢሮው ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

ምስጋናዬን መንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ግን ለማያስታውሱት ውለታ እንዴት ይመሰገናል? ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽሩን ከነቅጥሉ አደረጉ፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እያወረዱ ማንበብ ጀመሩ። ኮዱን አልረሱም። ፊታቸው እንደ ድሮው ተኮሳተረ።

"እዚህ ጋ ዘጠኝ ሰዓትን የማይለወጥ አድርጎ በእጁ ጽፎታል። ይሄ ስንፍና ነው" አሉ። "ማነው የጻፈው?"

"አንድ የቢሯችን ሰው ነው።"

"ሥራ የለውም እንዴ?" ብለው ወደ ማስታወሻው ተመለሱ። ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

"እና ልጁ ደወለ?"

"ደወለ፣ ጋሼ። በየቀኑ።"

"ታነሣለት ነበር?"

"ታነሣለት ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጥፈው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። "የሚሠራ ነገር አይነካም" አሉ። "ተዉት።" ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስልሳ ሦስቱን አጠፋሁ። አለቃዬ "አንዷስ?" ሲለኝ "አንዲት ነገር ብቻ ልቀጥልበት ብዬ ነው" አልኩት፤ የጋሼን ቃል ስለሚያውቀው ትቶኝ ሄደ። በአዲሱ ቢልድ ላይ መልሼ ጻፍኳት፤ ሰዓቱንም እንደሳቸው በእጄ ጻፍኩት። አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥራዬ ይቆማል፣ እኔም ጋሼ ቤት እደውላለሁ። እትዬ ያቀብሏቸዋል። "ማን ልበል?" ይላሉ። "የቢሮ ልጅ ነኝ።" "ቢሮው ደህና ነው?" አንዳንድ ቀን እናወራለን፣ አንዳንድ ቀን የሚሰማኝ ትንፋሻቸው ብቻ ነው። አሥራ አንዱ ደቂቃ ሲያልቅ ደህና ይዋሉ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ስልኩን ሳያቀብሉ ትንሽ አቆዩኝ። ጋሼ ለብዙ ጊዜ መጻፍ ትተው ነበር፤ አሁን ግን አንድ አዲስ ወረቀት ከስልኩ በላይ ለጥፈዋል። መስመሩ ወደ ታች ወርዷል፣ ግን ይነበባል አሉ። አነበቡልኝ፦

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን ስልክ አትያዙት። አንድ ልጅ እናቱ ጋ ይደውላል።"