ሳይሰናበት የማይጠፋ ኮምፒውተር

እኛ አገር እንግዳ "ልሂድ" ካለ ሄደ ማለት አይደለም፤ መሄድ ጀመረ ማለት ነው። ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ዋናውን ወሬ በር ላይ ያመጣዋል። መኪናው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሳንጠይቅ የቀረነው ዘመድ ትዝ ይለናል። ይሄ ምኑ ያስነቅፋል? ሜሮን፣ አትሳቂ፣ ጻፊ። የእህቴ ልጅ ናት፣ ኮምፒውተር ተምራለች፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ጉርድ ሾላ ያለችው ጥልፍ ቤቴ ውስጥ ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሰላምን የሠርግ ቀሚስ ሲጠልፍ፣ ሠርጉ ለነገ ሆኖ፣ ቀጥ አለ። መርፌው የደረቱ መስቀል መሀል እንደተሰካ ቀረ። ሙሽሪት አመድ መሰለች፤ እናቷ እትዬ አስናቀች ያልጠሩት ቅዱስ እስኪጠፋ ተሳሉ።

ሜሮን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ለማስነሳት ሁለት ትዕዛዝ አለ አለችኝ። አንደኛው "ልዘጋ ነው፣ የያዛችሁትን ጨርሱ" ብሎ ውስጥ ላሉት ሁሉ ተናግሮ ነው የሚዘጋው። ሌላው ከሥር የሚቆርጥ ነው፤ ማንንም ሳይጠይቅ ድርግም አድርጎ እንደገና ያስነሳል። ጣቷ ወደ ሁለተኛው ሲሮጥ እጇን ያዝኩት።

"አክስቴ፣ ዕቃ እኮ ነው፣ አይቀየምም" አለችኝ።

"እሱ ባይቀየም ቀሚሱ ይቀየማል" አልኳት።

እያጉረመረመች ጨዋውን ጻፈች። ኮምፒውተሩ ለካ የእኛው ልጅ ነው! "አንድ ሥራ አላለቀም፣ እየጠበቅኩ ነው" የሚል ጽሑፍ አወጣና በር ላይ ቆመ። ኮምፒውተሩ ላይ ተጭነው ትንፋሽ የነሱት ሜሮን ከፍታ የተወቻቸው ፊልሞች ነበሩ። እነሱ አንድ በአንድ ሲወጡለት መርፌዋ ተንቀሳቀሰች፤ መስቀሉን ጨረሰች፤ ከዚያ በኋላ ነው ጌታው የጠፋው። እትዬ አስናቀች እልል አሉ።

ከዚያማ ስንብቱ ተጀመረ። በር ላይ የሙሽራውን ዘር ማንዘር ገና ስንቆጥር ሜሮን መኪና ጠርታ፣ እናትና ልጅን ከታ፣ "ቻው ቻው" ብላ በሩን ድርግም። ከሥር ቆረጠችን!

ቦሌ አራብሳ፣ ቤታቸው ሲደርሱ ደወሉ። ቀሚሱ ጠረጴዛዬ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሜሮን ያን ሁሉ መንገድ ቀሚሱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ሄደች። ሰጥቼ ወዲያው እመለሳለሁ ብላ ነበር።

መሸ። ወዴት ጠፋሽ ብዬ ደወልኩ። ከኋላዋ የእትዬ አስናቀች ድምፅ ይሰማል፤ የእኔን የአጎት ልጆች ጤና እየጠየቁ ነው። ሜሮን በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

"አክስቴ፣ በር ላይ ነኝ። አንድ ሥራ አላለቀም፣ እየጠበቅኩ ነው።"